ካርታው የእኛ ነው፤ መሬቱስ?

በከተማ ኑሮ ጎረቤትን ከጎረቤት ከሚያጣሉ ነገሮች ሁሉ እንደ ወሰን ሥር የሚሰድ የለም። የልጆች ጠብ በማግስቱ ይረሳል፤ የሙዚቃ ጩኸት በአንድ «ኧረ ቀንሱልን» ይበርዳል። የአጥር ነገር ግን ከአባት ለልጅ ይወረሳል። አንዱ ገፋኝ ሲል ሌላው አንተ ነህ የገፋኸኝ ይላል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ወረዳ ይኬዳል፣ ክስ ይከፈታል፤ በመጨረሻም በአንድ እድር የሚቀባበሩ ሰዎች ሰላምታ እንኳ ይነፋፈጋሉ። ስለዚህ ዓይነቱ ጠብ ብዙ ተብሏልና እኔ አልመለስበትም። ዛሬ ማንሣት የፈለግሁት ጠብ ያልተነሣበትን ወሰን ነው። ማንም ያልከሰሰው፣ ማንም ያልጠየቀው፣ ወረቀቱ ሁሉ የተሟላለት ሰው፣ ከያዘው መሬት ላይ ጥቂቱ የጎረቤቱ መሆኑን በልቡ ቢያውቅ፣ ያ መሬት ለእርሱ ሐላል ነውን?

ጥያቄውን ከኪታብ አላነሣሁትም። ከቤታችን ነው የመጣው።

የወላጆቼ ቤት ኮልፌ ነው። የእኛን ግቢ ከጎረቤታችን ግቢ የሚለየው ድሮ የጥድ አጥር ነበር። በ1993 ዓ.ም. አባታችን (አላህ ይዘንለትና) ጥዱን አስነቅሎ በብሎኬት አጠረ፤ ከግንቡም ጋር አያይዞ ሦስት ክፍል ሰርቪስ ሠራ። ጥዱ ወዲህና ወዲያ የሚል ነበርና ግንበኛው ክር ሲወጥር «ቀጥ ይበል» ተባለ። ክሩ ቀጥ ሲል በመንገዱ በኩል ያለው ጫፍ በነበረበት ቀረ፤ በጓሮ በኩል ያለው ግን አንድ ክንድ ያህል ወደ ጎረቤት ገባ። የአጥሩ ርዝመት 14 ሜትር ነው። የገባው ቦታ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ቢሰላ ከሦስት ካሬ ሜትር ተኩል አይበልጥም። አንድ አልጋ ቢዘረጋበት የሚሞላ ቦታ ነው።

በዚያ ሰሞን የጎረቤታችን አባወራ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ባለቤታቸውም (እኛ ልጆቹ እትዬ ነው የምንላቸው) ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ከሕመምተኛው ራስጌ ነበር። ሰውየው ድነው ተመለሱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ። ስለ አጥሩ አንድ ቃል ሲተነፍሱ የሰማ የለም። በኋላም አባታችን ወደ አኺራ ሄደ። እትዬ ክርስቲያን ናቸው፤ ከእናታችን ጋር ቡና ሲጠራሩ የኖሩ፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ በር አንኳኩተው ውሃ የማይለምኑ ጨዋ ሴት ናቸው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ፣ ቁጥር 818 መሆኑ ነው፣ ሰፈራችን ደርሶ ቀያሾቹ መሣሪያቸውን ተክለው በየግቢው ዞሩ። ወሰንተኞች ተጠሩ። እትዬ ግንቡን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «ወሰናችን ይኸው ነው» አሉና ፈረሙ። እናታችንም ፈረመች። የዚያን ዕለት ማታ፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ ልጆቿን ሰብስባ የጥዱን ታሪክ ነገረችን። እስከዚያች ሌሊት ድረስ እኔ አጥራችን ከተፈጠረ ጀምሮ እዚያው የቆመ ይመስለኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ነገሩን አቀለለው። ልወቅሰው አልፈልግም። የሰርቪሱ ኪራይ የእናታችን መተዳደሪያ ነው፤ ግንቡ ይፍረስ ማለት ደግሞ ሦስቱም ክፍሎች የኋላ ግድግዳቸውን ያጣሉ ማለት ነው። በዚያ ላይ ያነሣቸው ነገሮች የእርሱ ብቻ አይደሉም፤ እንዲህ ያለ ነገር በገጠመው ሙስሊም ቤት ሁሉ የሚነሡ ናቸው። ስለዚህ አንድ በአንድ ብናያቸው አይከፋም።

«ለመሆኑ መሬት የማን ነው?» አለ መጀመሪያ። የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን መሬት የመንግሥት አድርጎ ለአንድ ቤተሰብ ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታ ፈቀደ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሏል። እንግዲህ እትዬ ያልነበራቸውን ነገር እንዴት ወሰድንባቸው?

ይህ አባባል ብልጥ ይመስላል እንጂ አያስኬድም። መስጊድን እንመልከት። የመስጊድ ምንጣፍ የማንም ሰው ንብረት አይደለም። ሆኖም ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሰው ሌላውን ከተቀመጠበት አስነሥቶ በቦታው እንዳይቀመጥ መከልከላቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። መሬቱ የእርሱ ሆኖ አይደለም፤ ቀድሞ ስለተቀመጠበት ሐቅ ስላለው ነው። የባለቤትነት ስሙ የመንግሥት ሆነ የንጉሥ፣ በዚያች ሦስት ካሬ ላይ ጎመን የመትከል፣ ልብስ የማስጣት፣ ሌላውን ሰው አትግባብኝ የማለት መብት የእትዬ ነበር። ያ መብት ዛሬ የእኛ ነው። ከእርሳቸው ወደ እኛ በምን ተሻገረ? በሽያጭ አይደለም፤ በስጦታ አይደለም፤ በውርስ አይደለም። በወጠርነው ክር ነው።

ከሌላው ሰው መሬት ስንዝር ያህል በግፍ የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ከሰባት ምድር ጋር በአንገቱ እንደሚጠለቅለት የሚያስጠነቅቀውን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም የለም። የመሬትን ምልክት የሚለውጥ ሰው የተረገመ መሆኑም ዐሊይ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገበው ሐዲስ ተነግሯል። መለኪያው ስንዝር መሆኑን ልብ እንበል። ጋሻ አይደለም፣ ሄክታር አይደለም። ማንም ዳኛ ፊት ቢቀርብ የሚያሳፍር፣ ሽማግሌ ቢሰማው «ለዚህች ነው እንዴ?» የሚልባት ልክ ናት። የእኛ ደግሞ ክንድ ነው።

ቀጥሎ ወንድሜ ያነሣው ፊርማውን ነው። «ሴትዮዋ በገዛ እጃቸው ፈርመዋል፤ መንግሥትም ካርታ ሰጥቶናል። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?»

እዚህ ላይ እምሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ በቡኻሪም በሙስሊምም የሚገኘው ሐዲስ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እርሳቸው ሰው መሆናቸውን፣ ተከራካሪዎች ሲቀርቡ አንዱ ከሌላው ይልቅ አንደበተ ርቱዕ ሊሆን እንደሚችል፣ እርሳቸውም በሰሙት እንደሚፈርዱ ካስረዱ በኋላ፣ የወንድሙ ሐቅ የተፈረደለት ሰው እንዳይወስደው፣ የተቆረጠለት የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስገንዝበዋል። የአላህ መልእክተኛ ፍርድ እንኳ ሐራሙን ሐላል ካላደረገ፣ የወረዳ ቀያሽ ማኅተም እንዴት ሊያደርገው ይችላል? በዚህ ነጥብ ላይ ዑለማዎች የተከራከሩበት ነገር ቢኖር የሚገርም ነው፤ ኢማሙ አቡ ሐኒፋ በሐሰት ምስክር የተሰጠ ፍርድ በውልና በጋብቻ ጉዳይ ውስጡንም ሊለውጥ ይችላል የሚል አስተያየት ነበራቸው። በጥሬው የንብረት ይገባኛል ላይ ግን እርሳቸውም ከሌሎቹ ጋር ናቸው፦ ፍርዱ ላዩን ይዘጋል እንጂ ውስጡን አይለውጥም። ስለዚህ የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታይ ነኝ፣ የሐነፊይ ነኝ ብሎ ማምለጫ መንገድ የለም።

ፊርማውስ? እትዬ የፈረሙት የነበረውን ትተው ለመስጠት አይደለም። ግንቡ ወሰን ነው ብለው ስላመኑ ነው፤ ወይም እኔ በዚያች ሌሊት የመሰለኝ እንዲያ ነበር። ነገር ግን የማያውቁትን ሐቅ ትቼዋለሁ ማለት አይቻልም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል ኪዳን ያለውን ሙስሊም ያልሆነ ሰው የበደለ፣ ወይም ልቡ ሳይፈቅድ አንዳች ነገር የወሰደበት ሰው፣ በቂያማ ቀን ተሟጋቹ እርሳቸው ራሳቸው እንደሚሆኑ አስታውቀዋል። ይህን ሐዲስ በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። ሸፈዓ ያደርጉልናል ብለን የምንጠብቃቸው ነቢይ ከወዲያ ወገን፣ ከጎረቤታችን ጎን ቆመው ማየት! ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) በቤታቸው በግ ሲታረድ ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ሰጣችሁን እያሉ ደጋግመው የጠየቁት ጎረቤትነት ሃይማኖት እንደማይጠይቅ ስለተረዱ ነው። ለክርስቲያን ጎረቤት ሥጋ መስጠት ካለብን፣ የእርሱን መሬት መመለሱ እንዴት አጠያያቂ ይሆናል?

ከዚያ ደግሞ የጊዜው ነገር መጣ። ከሃያ ዓመት በላይ የኖረ አጥር ነው፤ ይርጋ የለም ወይ? አለ ታናሽ ወንድሜ፤ እርሱ ሕግ ቀመስ ነው። እውነት ነው፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1168 ለ15 ተከታታይ ዓመት ግብር ስለከፈለ ባለይዞታ ይናገራል። በሸሪዓ ዓለምም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር አልጠፋም። ዑስማንያዎች እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 ባዘጋጁት መጀላ በተባለው የሕግ መድበል፣ ብዙው የንብረት ክስ 15 ዓመት ካለፈው አይሰማም። የቁጥሩ መገጣጠም ያስደንቃል። ነገር ግን እዚያው መጀላ ውስጥ፣ በቁጥር 1674፣ ሐቅ በጊዜ ብዛት እንደማይወድቅ ተደንግጓል፤ ተከሳሹ ዳኛ ፊት ቆሞ አዎን የእርሱ ነው ብሎ ካመነ፣ ያለፈው ዘመን ከቁጥር አይገባም። ይህ ድንጋጌ ጉዳያችንን እንደ መስታወት ያሳያል። ዘመን የሚዘጋው የዳኛውን ጆሮ ነው። ሐቁን ግን አይገድለውም፤ ሐቁ በሚያውቀው ሰው አፍ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። በእኛ ቤት ደግሞ የሚያውቀው ሰው እናታችን ነበረች፤ አሁን ግን ሁላችንም ሆንን።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉም የከበደው ነው። አባታችንን እናዋርደዋለን? ሰው ሞቶ አፈር ከለበሰ በኋላ ልጆቹ ጎረቤት ዘንድ ሄደው አባታችን ድንበራችሁን ገፍቶ ነበር ይላሉን? እናታችን ያለቀሰችው ይህን ጊዜ ነው። እኔም ለዚህ በቶሎ የምለው አልነበረኝም፤ አባታችን በመስጊዱ የታወቀ፣ ዘካውን የማያስቀር ሰው ነበር። ግንበኛው ክሩን ሲወጥር አጠገቡ ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም። ይሁንና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን በራሳቸው ላይ እስኪወስዱ ድረስ አልሰገዱበትም። ያ ሰው ሰሐባ ነበር። ዕዳው ይነገር መባሉ ክብሩን አልቀነሰም፤ ሸክሙን አቀለለለት እንጂ። እኛ የአባታችንን ስም ለመጠበቅ ዝም ብንል የምንጠብቀው ሰፈር ውስጥ ያለውን ስሙን ነው። እርሱ ደግሞ አሁን የሚኖረው ሰፈር ውስጥ አይደለም።

ወደ ማን ይኬዳል? ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዳይባል በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 መሠረት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በጋብቻና ፍቺ፣ በቀለብ፣ በአሳዳሪነት፣ በወቅፍ፣ በስጦታ፣ በውርስና በኑዛዜ የተወሰነ ነው፤ የአጥር ወሰን አይገባበትም። መደበኛው ፍርድ ቤት እንዳይባል ከሳሽ የለም። ካርታችን ንጹሕ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሰውየውን ከራሱ ጋር ብቻ አፋጥጦ የሚተው ነው። እኔ ሰፈራችን መስጊድ ያሉ አንድ ሸይኽ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ከነዝርዝሩ አጫወትኳቸው። ረጅም ፈትዋ ስጠብቅ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ሴትዮዋ ያውቃሉ?» አላውቅም አልኳቸው። «እንግዲያው መጀመሪያ ንገሯቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ይቀላል» አሉኝ።

ስለ ሽማግሌዎቻችን አንድ ነገር ካላልኩ ልቤ አያርፍም። በየሰፈሩ የወሰን ጠብ ሲነሣ የሚሰጠው ምክር ይታወቃል፦ ለጎረቤት ብለህ ተው፣ ሶብር አድርግ፣ ዱንያ ጠፊ ናት። ምክሩ በራሱ መልካም ነው፤ ክርክርን ሐቁ ከእርሱ ጋር ሳለ ለሚተው ሰው በጀነት ዳርቻ ቤት እንደሚሰጠው በሐዲስ ተነግሯል። ነገር ግን ይህ ምክር ለማን ነው የሚሰጠው? ባየኋቸው ሽምግልናዎች ሁሉ ተው የሚባለው ደካማው ነው። ባሏ የሞተባት፣ ወንድ ልጅ የሌላት፣ ወረዳ የሚያውቅላት ያጣች፣ እርሷ ናት ሶብር እንድታደርግ የምትጠየቀው። አጥሩን ለገፋው ባለ ሀብት «መልስ፣ ዱንያ ጠፊ ናት» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ዱንያ ጠፊ የምትሆነው ለተገፋው ብቻ ነውን?

ጀነት ከተበሠሩት ከዐሥሩ ሰሐቦች አንዱ የሆኑት ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) አርዋ የተባለች ሴት መሬቴን ወሰደብኝ ብላ መርዋን ዘንድ ከሰሰቻቸው። የስንዝሩን ሐዲስ ከነቢዩ አፍ ሰምቼ እንዴት እወስዳለሁ አሉ፤ መሬቱንም ለቀቁላት። እስከዚህ ድረስ ያለውን ሽማግሌዎቻችን ይወዱታል። ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ሰዒድ ሐሰተኛ ከሆነች ዓይኗን እንዲያጠፋ፣ በዚያው መሬቷም ላይ እንዲገድላት አላህን ለመኑ፤ ዓይኗ ጠፋ፣ በዚያው ግቢዋ ባለ ጉድጓድ ወድቃም ሞተች። መሬቱን የተዉት በገዛ ፈቃዳቸው እንጂ በሽማግሌ ጉትጎታ አይደለም፤ መሬቱን እንጂ ሐቁንም አልተዉትም። ወደ ታላቁ ዳኛ አስተላለፉት። ተወልኝ ብሎ የሚደሰት ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

አቡ ዳውድ ደግሞ ስለ ሁለት ሰዎች ይነግሩናል። ምስክር ስለሌለበት የቆየ ውርስ ተከራክረው ነቢዩ ዘንድ ቀረቡ። የእሳቱን ቁራጭ ማስጠንቀቂያ ሲሰሙ ሁለቱም አለቀሱ፤ እያንዳንዱም ሐቄን ለእርሱ ትቻለሁ አለ። እኛ ብንሆን ኖሮ እዚህ ላይ ፋቲሓ አድርገን በተበተንን ነበር። እርሳቸው ግን አልለቀቋቸውም። ሂዱና ተካፈሉ፣ እውነቱን ፈልጉ፣ ዕጣ ተጣጣሉ፣ ከዚያ በኋላ አንዳችሁ ሌላውን አፉ በሉ አሏቸው። ቅደም ተከተሉን እንይ። አፉ መባባሉ የመጣው ከመለካቱ በኋላ ነው። ምን ያህል እንደተወ የማያውቅ ሰው ምን ተወ ይባላል?

እኛም ይህን ይዘን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናታችንን አስቀድመን እትዬ ቤት ገባን። ቡና ተፈላ። እናታችን ቃሉ ከአፏ አልወጣ ሲላት ታላቅ ወንድሜ፣ ያ ሁሉ ሲከራከር የነበረው፣ እርሱ ጀመረና የጥዱን፣ የክሩን፣ የክንዷን ነገር ሳያስቀር ተናገረ።

እትዬ አቋርጠውት ሳቁ። ያውቃሉ። ባለቤታቸው ከሆስፒታል በተመለሱ በሳምንቱ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ጓሮ ዞረው አይተውት ነበር። ለጠብ ተነሥተውም ነበር። ግን እርሳቸው በታመሙባት ሌሊት ታክሲ ፍለጋ የሮጠው፣ ተሸክሞም ያስገባቸው አባታችን ነበርና «ለዚህ ሰው ክንድ አይበዛበትም» ብለው ተዉት። እትዬም የቀያሾቹ ቀን የፈረሙት ይህንኑ ይዘው ነው።

እኔ የተገላገልኩ መሰለኝ። እናታችን ግን የሸይኹን ነገር ሳትረሳ ልጆቻቸውስ ያውቃሉ ወይ አለች። አያውቁም። አባትየው በቃል ይተዉት እንጂ ያ መሬት ዛሬ በካርታ ተለክቶ ወደ እኛ የገባው ከልጆቻቸውም ድርሻ ተቀንሶ ነው። ሁለቱ እዚህ ናቸው፤ አንዷ ቤይሩት ናት። ለሁለቱ ነገርናቸው፤ ሜትር ይዘን አብረን ለካን። በወረቀት ጻፍነው፤ ከእኛም ከእነርሱም ወገን ሁለት ሁለት ሰው ፈረመበት። ሰርቪሱ አርጅቶ የሚፈርስ ቀን ግንቡ ወደ ጥዱ ቦታ ይመለሳል። እስከዚያው ድረስ ከኋለኛው ክፍል ኪራይ የድርሻቸውን እንድንሰጥ ጠይቀን ነበር፤ ታላቅየው አይሆንም አለ፣ ሁለተኛው እኅቴን ልጠይቅ አለ። እርሱ ያለው ይሻላል፤ ሐቁ የእርሷም ነውና።

እትዬ ግን ልንወጣ ስንል አንድ ነገር አነሡ። መሬቱ አይደለም። የሰርቪሳችን ጣሪያ ወደ እርሳቸው ያዘነበለ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃው የሚወርደው ማድ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ነው። ይህን ያህል ዘመን በየክረምቱ ጭቃውን ሲጠርጉ ኖረዋል። እኛ የመሬቱን ካሬ ስናሰላ፣ መጀላ ስናገላብጥ፣ ይህን አንዳችንም አላየንም። እርሳቸውን የጎዳቸው ክንዱ ሳይሆን ይህ ነበር።

ወንድሜ በማግስቱ ቆርቆሮ ሠሪ ጠርቶ አሸንዳ አስገጠመ፤ ውሃው አሁን በእኛ ግቢ በኩል ይወርዳል። የቤይሩቷን ልጅ መልስ እየጠበቅን ነው።